ወደ መንዝ ጓሳ እንዴት ይኬዳል? ከዝግጅት እስከ መመለሻ

የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ውሃ ዳር ይሮጣል። ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ። አቅም ያለው ደግሞ ሞምባሳና ዛንዚባር። አሸዋው፣ ሙቀቱ፣ በባዶ እግር መሄዱ ደስ ይላል። እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ሰው "አውሬ ልይ፣ በእግሬ ልሂድ፣ ትንሽም ልድከም" ብሎ ምክር ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የምጠራለት አንድ ስም አለ። ጓሳ።

ጓሳ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ መንዝ ላይ ያለ፣ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው የውርጭ አገር ነው። ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው ምድሩን ከሸፈነው የጓሳ ሣር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ አንድ መስክ ላይ ሲውሉ ይታያል። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አይገኙም።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወጥቼ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ለመመለስ ተነሳሁ። ቀበሮ አላየሁም። ራሴን ሲያመኝ አደረ። ብርዱም አላስተኛኝም። ቦታው ምንም አልጎደለውም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በጥድፊያዬ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ። ከዚህ በታች ያለው መጀመሪያ ለሚሄድ ሰው ያ ቅዳሜና እሑድ እንዳይደገምበት የጻፍኩት ነው።

ከሁሉ በፊት መንገዱን ጠይቁ

ይህን ብዙዎች መጨረሻ ላይ ያስቀምጡታል። እኔ አስቀድመዋለሁ። አማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ግጭት ውስጥ ገብቷል። ሰሜን ሸዋም አልቀረለትም። በዚህ ሳምንት ክፍት የነበረ መንገድ በሚቀጥለው ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ሰው ጠይቁ።

አንደኛው በመስመሩ የሚሠራ ሾፌር ይሁን። ትናንት ያለፈበትን መንገድ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው እዚያው የሚኖር ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ዘመድ ያለው ጓደኛ መቼም አይጠፋም። ሦስተኛው የጥብቅ ሥፍራው ሠራተኞች ናቸው። ሦስቱም "ሰላም ነው፣ ኑ" ካሏችሁ ተነሱ። አንዳቸው እንኳ ካመነቱ ጉዞው ይቆይ። ጓሳ የትም አይሄድም። በዋዜማው ማታ ደግማችሁ ደውሉ። በመነሻው ጠዋትም አንድ ጊዜ።

ከተነሳችሁ በኋላ በቀን ብቻ ተጓዙ። መታወቂያ ሁላችሁም ያዙ። ኬላ ላይ ስትጠየቁ ተረጋግታችሁ፣ የምትሄዱበትን በግልጽ ንገሩ። ድሮን ይዛችሁ አትሂዱ። ፈቃድ የሚያስፈልገው ዕቃ ነው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር የአካባቢውን ሰው ያስደነግጣል። ባይኖኩላር ካላችሁ በሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ፤ ጓሳ ደርሳችሁ አስጎብኚው ባለበት አውጡት።

ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ያዙ። ኔትወርክ ከሌለ ቴሌብርም የባንክ አፕም አይሠራም። ካርታውንም ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ አውርዱት።

መቼ ይሻላል?

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ይቅርባችሁ። በጭጋጉ ዐይን ከአፍንጫ አያልፍም፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ መኪና ይያዛል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ለኔ አንደኛ ነው። ሣሩ ገና ለምለም ነው። ሰማዩ ተከፍቷል። አበባው አላለቀም።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደግሞ የውርጭ ወቅት ነው። ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጎህ ሲቀድ ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ግን አየሩ ጥርት ያለ ነው፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆናችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ብርድ የምትችሉ ከሆነ ይህን ምረጡ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ አለ። አንዳንድ ዓመት ይበዛል፣ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይቀራል። ስለዚህ ለእርግጠኛ ዕቅድ አይሆንም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ እስከ ገና ይዘልቃል። መንዝ ጾም የሚከበርበት አገር ነው። በዚያ ሰሞን "በግ እንረድ" ብላችሁ ብትሄዱ አብሯችሁ የሚበላ አታገኙም። ረቡዕና ዓርብም እንደዚሁ። በጾም ከሄዱ ሽሮና በሶ ይበቃል።

ስንት ቀን?

ከሦስት ሌሊት አታሳንሱ። አንዱን ሌሊት ደብረ ብርሃን እደሩ፣ ሁለቱን ጓሳ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ማደር ሰውነታችሁን ለቀጣዩ ከፍታ ያለማምደዋል። ከአዋሽ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር ለመጣ ሰው ይህች አንድ ሌሊት ግዴታ ናት ባይ ነኝ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሊዘልላት ይችላል፣ ግን ባይዘልላት ይመረጣል።

ጓሳ ላይ ሁለት ሌሊት ያልኩት ደግሞ ስለ ጠዋቱ ነው። ጓሳ የሚታየው ጠዋት ነው። አንድ ሌሊት ያደረ ሰው አንድ ጠዋት ብቻ አለው፤ ያቺ ጠዋት ጭጋግ ከዋለባት አለቀ።

አራተኛ ሌሊት ካገኛችሁ ለአንኮበር ስጡት። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጓዝ

ስለ ልብስ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ ደራርቡ። አንድ ወፍራም ጃኬት ከመልበስ ሦስት ስስ ልብስ መደረብ ይሻላል። ዳገት ስትወጡ ታወልቃላችሁ፣ ስትቆሙ ትለብሳላችሁ። ላብ ያራሰው ልብስ ነፋስ ሲያገኘው ነው ሰው የሚታመመው። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ሁለት ወፍራም ካልሲ። ዝናብ የማያስገባ ካፖርት። ቀድማችሁ የለመዳችሁት ጫማ፤ አዲስ ጫማ ለዚህ ጉዞ አይገዛም።

ጋቢ አትርሱ። ውድ የመኝታ ከረጢት ይዘው መጥተው ሌሊቱን በጋቢ ተጠቅልለው ያደሩ ሰዎች አይቻለሁ። የመኝታ ከረጢት ካላችሁ ጋቢውን ውስጡ አስገቡት። ጠዋት ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳ ስትጠብቁም የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ማደሪያው የማኅበረሰቡ ነው። ክፍል አለ፣ ድንኳን መትከያም አለ። ትልቅ ሎጅ አድርጋችሁ አትገምቱት። ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። መብራት የለም ብላችሁ አስቡና ባትሪና ፓወር ባንክ ያዙ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ቢሆን እጃችሁ ነፃ ይሆናል።

ምግቡን በተመለከተ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ምስርና ባቄላ ከቤት እንደለመዳችሁት አይበስልም። ጋዙን ጨርሳችሁ ጥሬ ትበላላችሁ። በደንብ የተዘጋጀ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ቴምር፣ ፓስታ ከነስጎው ያዙ። የምንጭ ውሃ ከጠጣችሁ ሦስት ደቂቃ ያህል እየተንተከተከ ይቆይ።

ማብሰያውም የራሳችሁ ይሁን፤ ትንሽ የጋዝ ምድጃ። አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ ቆርጣችሁ እሳት አታንድዱ። እዚያ እንጨትና ሣር የሚነካው በወጣለት ደንብ ነው። ስለ ደንቡ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ የቦታው ምሥጢር እሱ ነውና።

መንገዱ

በለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን ይገባል። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሸኖ ላይ ቅቤው የታወቀ ነው፤ ስትመለሱ ግዙ፣ ስትሄዱ ሸክም ነው። ደብረ ብርሃን ጎዶሏችሁን ሁሉ የምትሞሉባት የመጨረሻዋ ትልቅ ከተማ ናት። ነዳጅ፣ ባትሪ፣ መድኃኒት፣ ዳቦ እዚህ ግዙ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ስትነዱ ታርማ በር ትደርሳላችሁ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው የሠሩት ዋሻ ያለበት ነው። ዋናው መንገድ በዋሻው አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። እናንተ ግን ወደ ዋሻው አትገቡም፤ ታርማ በር ላይ ወደ ግራ ተገንጥላችሁ በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ትይዛላችሁ። ታርማ በር ጭጋጋም ነው። መብራት አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ለፎቶ ብላችሁ መታጠፊያ ላይ አትቁሙ።

በአውቶቡስ የምትሄዱ ላምበረት መናኸሪያ በጠዋት ተገኙ። ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደውን ያዙና ረዳቱን "ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ላይ አውርደኝ" በሉት። ጓሳ ከመሐል ሜዳ በፊት ነው፤ ከተማው ድረስ ከሄዳችሁ 20 ኪሎ ሜትር ያህል አልፋችሁታል። ደብረ ብርሃን አድራችሁ ከሆነ ከዚያ የሚነሳ መኪና ጠይቁ። ለመመለሻው ደግሞ አስጎብኚው ከመሐል ሜዳ በማለዳ የሚነሳ መኪና እንዲያስቆምላችሁ ከማታው ንገሩት።

በመጀመሪያው ከሰዓት አትሩጡ

ስትደርሱ መጀመሪያ ቢሮው ሂዱ። ተመዝገቡ፣ መግቢያውን ክፈሉ፣ አስጎብኚ ያዙ። ያለ አስጎብኚ አትግቡ። የሚያስጎበኟችሁ እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ቀበሮው የት እንዳደረ፣ ጭላዳው የትኛው ገደል ላይ እንደተኛ ያውቃሉ። ክፍያውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። በቅሎ ካስፈለገም ያኔውኑ በሉ።

ከዚያ ዕረፉ። አንድ ሰዓት የምታህል የዝግታ ጉዞ ትበቃለች። ጅብራ የሚባለውን ተክል ተመልከቱ። ከሩቅ ሰው የቆመ ይመስላል። ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ አብቦ ሲጨርስ ይደርቃል። መሬቱ ላይ ጦስኝ ትረግጣላችሁ፣ ሽታው ይነግራችኋል። ማታ ሻይ ውስጥ የሚገባው ጦስኝ ይህ ነው። እናንተ ግን አትንቀሉት፤ አስጎብኚውን ጠይቁ፣ ደረቁን ይሰጧችኋል።

በዚህ ሰዓት ስለ ቀሮ፣ ቅድም ስላልኳችሁ ደንብ፣ አስጎብኚውን ጠይቁት። አረጋዊ ካጋጠማችሁ ደግሞ እሳቸውን፤ "አባባ፣ ጓሳ ድሮ እንዴት ነበር የሚጠበቀው?" በሏቸው። ወሬው ሌሊቱን ያደርሳል።

ቀሮ ጓሳን ለ400 ዓመት ገደማ ያቆየ ሥርዓት ነው። ምድሩ የአስቦና የጌራ፣ የሁለት ቀደምት አባቶች፣ ተወላጆች ነበር። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ዘጉት። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ሣር እንዳይታጨድ፣ ከብት እንዳይገባ፣ እንጨት እንዳይቆረጥ ይከለከላል። የመረጧቸው አለቆች ያስጠብቃሉ። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል። ሁሉም ይገባል፣ ያጭዳል። በጓሳ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ተደብቆ የገባ ይቀጣ ነበር፣ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም።

1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ በዘር የተያዘው መብት ቀረ። ቀሮም አብሮ ፈረሰ። ብዙ አገር ላይ እንዲህ ያለ መሬት በዚያው አልቋል። መንዞች ግን ዝም ብለው አላዩም። ኮሚቴ አቋቋሙ፣ የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፣ ጥበቃውን መልሰው ያዙ።  ይህን ታሪክ ሳያውቅ ጓሳን የሚያይ ሰው ባዶ ሜዳ ነው የሚመስለው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እንደዚያ ነበር።

ጠዋት፦ ጭላዳ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ። በጨለማው ሻይ አፍሉ፣ በሶ በጥብጡ። ፀሐይ ሳትወጣ ገደል አፋፍ ላይ መድረስ አለባችሁ። ምክንያቱም ጭላዳ የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው። ነብርና ጅብ የማይደርሱበት ጠርዝ ላይ ተጠጋግቶ ይተኛል። ፀሐይ ስትወጣ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ይወጣል። መጀመሪያ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቅማል ይለቃቀማል፣ ግልገሎቹ ይላፋሉ። ከዚያ ነው ወደ ሣሩ የሚበተነው። ይህን የመጀመሪያ አንድ ሰዓት ያያችሁ ጭላዳን አያችሁ ማለት ነው።

እንዴት ትጠጋላችሁ? ቀጥ ብላችሁ አትሂዱባቸው። ወደ ጎን ጎን፣ ቀስ እያላችሁ፣ እየቆማችሁ ሂዱ። ቀና ብለው ማየት ከጀመሩ ቁሙና ተቀመጡ። እነሱም ተቀምጠው ነው የሚበሉት፤ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ሣር በእጃቸው ይነጫሉ። የተቀመጠ ሰው ብዙ አያስፈራቸውም። ትንሽ ቆይቶ ራሳቸው ይቀርቧችኋል። ወንዱን ደረቱ ላይ ባለው ደመቅ ያለ ቀይ ቆዳና በጎፈሩ ትለዩታላችሁ። ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳያችሁ "በቃ" እያላችሁ ነው፤ ወደ ኋላ በሉ። በእናቲቱና በግልገሉ መካከል አትግቡ። ምግብ አትወርውሩላቸው። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የሚመጣው ድንጋይና ውሻ ነው።

ቀና ብላችሁ ሰማዩንም ጠብቁ። አጥንት ከከፍታ ጥሎ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ በዚህ ገደል ላይ ያንዣብባል።

ቀይ ቀበሮ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 አይሞላም። አብዛኛው ባሌ ነው ያለው። ጓሳ ካሉት ጥቂት መኖሪያዎች አንዱ ነው።

ጥሩው ነገር ቀይ ቀበሮ ቀን ቀን ነው የሚያድነው። የሚበላው አይጥና ፍልፈል ቀን ስለሚወጣ ነው። በመንጋ ይኖራል፣ ሲያድን ግን ለብቻው ይሄዳል። ስለዚህ የምትፈልጉት መንጋ አይደለም። በሣሩ ውስጥ ለብቻው እየቆመ፣ ጆሮውን እያቆመ የሚሄድ አንድ ቀይ ነገር ነው።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩን ከኋላችሁ፣ ነፋሱን ከፊታችሁ አድርጉ። ሜዳውን በዐይናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያላችሁ መርምሩት። የሚንቀሳቀስ ነገር እስክታዩ አትነሱ። እኔ አንድ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጫለሁ። አስጎብኚው "ቆይ፣ ይመጣል" ብቻ ነበር የሚለኝ። መጣም።

ቀበሮ ካጣችሁ ጭላዳ ፈልጉ። ይህ ጓሳ ላይ በጥናት የታየ ነገር ነው። ቀበሮው ጭላዳው መሐል ገብቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳይነካ ይዘዋወራል። ጭላዳውም አይሸሽም። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ፣ ቀበሮው ለብቻው ሲያድን ከሚያደርገው ሙከራ የሚሳካለት 25 በመቶ ያህሉ ነው። ጭላዳ መሐል ሲሆን ግን 67 በመቶ ይደርሳል። ጭላዳው ሣሩን ሲያተራምስ አይጦቹ ሳይወጡ አልቀሩም፤ ወይም ደግሞ በጭላዳው ተከልሎ ሲመጣ አያዩትም። ቀበሮው የጭላዳን ግልገል ቢነካ ይህ ሁሉ ይበላሽበታል። እና አይነካም። ያን ትዕግሥቱን በዐይኔ ካየሁ ወዲህ ስለ አውሬ ያለኝ አስተሳሰብ ተለውጧል።

ከጥቅምት እስከ ጥር የሚወልድበት ወቅት ነው። ጉድጓድ ካያችሁ አትጠጉ፣ ቦታውንም ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ። የተረበሸች እናት ቡችሎቿን በአፏ ይዛ ቦታ ትቀይራለች። ውሻችሁንም ይዛችሁ አትሂዱ። ቀይ ቀበሮን ከሁሉ በላይ የሚፈጀው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ዋናውም የእብድ ውሻ በሽታ።

ብርድና ከፍታ

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያው ሌሊት ሊያጋጥም ይችላል። ውሃ ጠጡ፣ ቀለል ያለ ምግብ ብሉ፣ ዕረፉ። ጠዋት ካልለቀቃችሁ ከፍ ወዳለው ቦታ አትውጡ። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሲራመድ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚምታታ ሰው ካለ ግን መጠበቅ የለም። ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ አውርዱት። አረቄ ያሞቃል የሚለውን አትስሙ፤ ለጊዜው ፊት ያቀላል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን የበለጠ እንዲያጣ ያደርጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል ወይም በድንኳን ውስጥ አትተኙ። ብርዱ ያስገድዳል፣ አውቃለሁ። ግን የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። የተኛ ሰው አይነቃም። በየዓመቱ ብርድ ሲገባ የምንሰማው ሐዘን ነው። ከሰሉን ውጭ ሙቁት፣ ስትተኙ ውጭ ተዉት። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ከከሰሉ ይበልጣል።

ከሰው ጋር

ሰው ቤት ከተጋበዛችሁ "ቤት ለእምቦሳ" ብላችሁ ግቡ፤ "እምቦሳ እሰሩ" ይሏችኋል። ጠላው ወይም ቆሎው ሲቀርብ ትንሽም ብትሆን ቅመሱ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ለልጆች ከረሜላና ብር እየበተናችሁ አትሂዱ፤ ከትምህርት ቤት ቀርተው መንገድ ላይ እንዲጠብቁ ታደርጓቸዋላችሁ። መርዳት የምትፈልጉ ደብተርና እስክሪብቶ ለትምህርት ቤቱ ስጡ።

ገንዘባችሁን ግን እዚያ አውጡ። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ጓሳ የሚጠበቀው ሰዉ ስለሚጠብቀው ነው። የሚጠብቀው ደግሞ ደሀ ገበሬ ነው፤ ጎረቤቱ ያለውን ሣር እያየ ከብቱን የሚከለክል። የመንዝ በግ ጠጉሩ ይፈተልና ባና ይሠራል። ወፍራም ነው፣ ከባድ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። አንድ ግዙ። ዋጋ ተከራከሩ፣ ግን እስከ መጨረሻው አታውርዱት። ያን ጠጉር ለመፍተል አንዲት እናት ስንት ማታ እንደተቀመጠች አስቡ።

አራተኛ ሌሊት ካለ፦ አንኮበር

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ በእግር ትወጣላችሁ፤ ማደሪያም ተሠርቶበት ነበር። ወፍ የሚወድ ሰው ካላችሁ እዚህ የአገሩን ስም የያዘች፣ የአንኮበር ሰሪን የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። ለሳይንስ የታወቀችው ገና በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ገደል የምትወድ ናት፤ ካልፈለጓት አትታይም።

ከዚያው አጠገብ የወፍ ዋሻ ደን አለ። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲል ኮሶውና አስታው። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘልላል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዳስጠበቁት ይነገርለታል። መውረዱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ጉልበት ይፈትናል፤ እና ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ታች አትቆዩ። ከጓሳ በፊት ብታዩት ሰውነታችሁን ያለማምዳል። እኔ ግን ከጓሳ መልስ እመርጠዋለሁ፤ ያን ሁሉ ነፋስ ከጠገቡ በኋላ ዛፍ ሥር መግባት ዕረፍት ነው።

ስትመለሱ

ቆሻሻችሁን ሁሉ ሰብስባችሁ ደብረ ብርሃን ድረስ ይዛችሁ ውረዱ። ላስቲክ፣ ጣሳ፣ ባትሪ እዚያ የሚወስደው የለም። የተረፈ ምግብና ጋዝ ካላችሁ ለጥበቃዎቹ ስጡ።

ከጓሳ ጠዋት በማለዳ ከተነሳችሁ ቀን በቀን አዲስ አበባ ትገባላችሁ። ሸኖ ላይ ቅቤውን አትርሱ። ቤት ስትገቡ ደግሞ ለአስጎብኚያችሁ ደውሉ። "ገባችሁ?" ሳይል አይተኛም። እኔ አንድ ጊዜ ረስቼ በማግሥቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እሱ ራሱ ደውሎልኛል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ።